ሱፍ ነው ብዬ ያጠጣኋት ቡና

እሑድ፣ የካቲት 3 ቀን 1977

ይህ ደብተር የሆቴሉ የእንግዳ መመዝገቢያ ነበር። በየገጹ አናት ላይ ስም፣ አገር፣ የመጣበት ቀን፣ የሚሄድበት ቀን ይላል። ላሊበላ ግን እንግዳ ካየች ቆየች። ሆቴሉ ሲዘጋ ወጥ ቤት ሠራተኛዋን ምን ይዘሽ ወጣሽ ብሎ የፈተሻት ስላልነበረ ደብተሩ እኔ ጋ ቀረ። እንግዲህ እንግዳው እኔ ነኝ። ስም፣ ትርንጎ አድማሴ። አገር፣ ላስታ። የሚሄድበት ቀን፣ አልተነገረኝም።

እህቴን ከተራራው፣ ከአሸተን ማርያም ገዳም በቃሬዛ ካወረዷት ሁለት ሳምንት ሆነ። አራት ሰዎች ተሸክመዋት መጡ፤ አንደኛው ላቡን እየጠረገ «ለሷስ ሁለት ይበቃ ነበር» ሲል ሰማሁት። እግሯ አብጧል፣ ሌላው ሰውነቷ አልቋል። ለገዳሙ ከመጣው የእርዳታ ስንዴ ድርሻዋን ለሌላው ስታድል ከርማ ነው። ስጠይቃት «እኔ ምን እሠራበታለሁ» አለችኝ። ስንዴ ምን እንደሚሠራበት የማያውቅ ሰው በዚህ ዓመት አገኘሁ።

የምንኩስና ስሟ አመተ ጊዮርጊስ ነው። ቆብ ከጫነች ወዲህ ፊት ለፊት እማሆይ፣ አንቱ እላታለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ማንም ስለማይሰማኝ እሷ እላታለሁ። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አጉርሳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባልም ነበራት፣ ልጅም ነበራት። ሁለቱንም በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ቀብራ ነው ወደ ተራራው የወጣችው። ስለዚያ ዓመት አትናገርም፣ እኔም አልጠይቃትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ሀሰን መጥቶ አያት። የክሊኒኩ ድሬሰር ነው፤ ሐኪሙ ከሄደ ወዲህ ሐኪሙም እሱ ነው። በር ላይ አቁሞኝ «መርፌው አይደለም የሚያድናት እታለም» አለኝ። «ቅባትና ስኳር ነው ያጣችው። ወተት ካገኘሽ ወተት ስጫት። ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል።»

አገሬ የምትባለው ጎረቤቴ ከተረፈቻት አንዲት ፍየል ግማሽ ጣሳ አልባ ላከችልኝ። የሰው ደግነት በዚህ ዘመን በጣሳ ነው የሚለካው። አሙቄ አቀረብኩላት። እህቴ ሽታው ሲደርሳት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«እማሆይ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው። ሁዳዴም ገና ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ለልጅ ስጭው።»

ቤታችን ውስጥ ልጅ የለም። ለአገሬ መለስኩላት። ጾሙን ቀድማ ጀምራዋለች ማለት ነው። ሞገደኛ ናት፤ ከመነኮሰች ወዲህ በፋሲካ እንኳ ወተት ስትነካ አይቻት አላውቅም። ለመነኩሴ ይኼ ማዕረግ ይመስለዋል መሰለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 10

ቅበላ። ነገ ሁዳዴ ይገባል። የነፍስ አባታችን ቄስ ከፋለ መጡ፤ እኔው ነኝ ያስመጣኋቸው። መስቀል አሳለሟትና «አመተ ጊዮርጊስ፣ በሽተኛ ነሽ። ጾሙን ፈትቼልሻለሁ። ወተትም እንቁላልም ብትቀምሺ በኔ ይሁን» አሏት።

«ያኑርልኝ አባ። ጾሙስ ባልከበደኝ» አለች።

እሳቸው ተከዙ፤ እኔ ደግሞ ተናደድኩ። ቄሱ ከፈቀዱ በኋላ እምቢ ማለት ትሕትና ነው ወይስ ኩራት? እናታችን «ጾም አድክሞ አይገድልም፣ ግትርነት ነው የሚገድል» ትል ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ሰሞኑን የጀመራት ሳል ባሰባት። ሽሮውን ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው። ሀሰን ክንዷን በሁለት ጣቱ ለካና ምንም ሳይል ወጣ። ሀሰን ሲናገር አልፈራም።

ቀበሌው ለሰፈራ ስም ይመዘግባል። የአገሬን ወንድም ጻፉት። እኔ «በሽተኛ አለብኝ» ስል «እስከ መቼ?» አለኝ ጸሐፊው። መቼ ትሞታለች ማለቱ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

የክሊኒኩ ፈረንጅ ነርስ ባለፈው ጥቅምት ተኩሱ ሲመጣ የያዘችውን ይዛ ስትሄድ አንድ ካርቶን እኔ ጋ ትታ ነበር። ትመለሳለች ብዬ አልነካሁትም። ዛሬ ከፈትኩት። ሳሙና፣ ማበጠሪያ፣ የልጅ ልብስ፣ ከሥር ደግሞ አምስት ትልልቅ ነጭ ቸኮሌት።

ነጩን ቸኮሌት አውቀዋለሁ። ሆቴሉ በደህናው ጊዜ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ወጥ ቤቴ ድረስ ገብታ በቡና አሠራሩን አስተምራኛለች። ቋንቋ አልነበረንም፤ እጄን እየመታች ነው ያስተማረችኝ። እሳት አታሳዪው፣ ጠብታ ውሃ አታስነኪው፣ እንፋሎት ብቻ። በኋላ እንግዳው ሁሉ ይኼንኑ ይጠይቀኝ ጀመር። በስድሳ ስድስት የመጨረሻዎቹ እንግዶች የተረፋቸውን ወተት በየቀኑ ስደፋ፣ እህቴ ልጇን አዝላ በእግሯ ወደ መኪና መንገዱ እየወረደች ነበር። አላወቅኩም ነበር። ሰው ልኬ ብጠይቅ ግን አውቅ ነበር።

ቸኮሌቱ ከወተትና ከቅባት ነው፤ ስኳርም አለበት። ሀሰን ያለው ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ከርሟል።

ወተት ነው ካልኳት አትጠጣውም። ሱፍ ቢሆን ግን ትጠጣለች። ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ሲጨመቅ ወተት መስሎ ይወጣል፤ ጾመኛ ሁሉ ይጠጣዋል። ቡናም አትጠላም፤ መነኩሲት ብትሆንም የወሎ ልጅ ናት።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

አደረግኩት።

ሀሰን ከጋሸና መድኃኒት ሲያመጣ ኬላው እንዳይወስድበት ከጥጡ ሥር የሸሸጋትን ቡና ጥቂት ሰጥቶኝ ነበር። ገብስ ቀላቅዬ ቆላኋት። ከአገሬ ሁለት ጭብጥ ሱፍ ለመንኩና ሙቀጫውን እህቴ ከተኛችበት መጋረጃ አጠገብ አቁሜ ወቀጥኩ። እንድትሰማኝ ነው። ድስት ላይ ውሃ አፈላሁ፤ ሲኒውን በነጠላዬ ጫፍ እስኪደርቅ ወለወልኩና እንፋሎቱ ላይ አስቀምጬ ቸኮሌቱን ፈረፈርኩበት። መጀመሪያ እንደ ሻማ ላብ አላበው፣ ከዚያ ተዝለፍልፎ ወደቀ። እጄ ስላልረሳው ገረመኝ። ሙቅ ቡናውን በቀጭኑ እያፈሰስኩበት፣ የመጥረጊያ ቀንበጥ በመዳፎቼ መሀል እያሽከረከርኩ መታሁት። አረፋ ሠራ።

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ጠበቅሁ። ለጾም ሰዓት እንኳ ጥንቁቅ ሆንኩ!

«ምንድን ነው?» አለች።

«ሱፍ ነው፣ በቡና። ሆቴል ለጾመኛ እንግዶች እንዲህ እንሠራ ነበር።»

«ወቅጠሽ ደከምሽ እኮ» አለችና ተቀበለችኝ።

አንድ ፉት አለችና ሲኒውን ዝቅ አድርጋ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እስከ አተላው ጠጣችው። ሲኒውን ስትመልስልኝ እጄን ሳመችው። እጄን!

እሑድ፣ የካቲት 24

ሳሉ ቀንሷል። ትናንት ተደግፋ ተቀመጠች፤ ዛሬ ውዳሴ ማርያም ደገመች። ሱፉ አልቋል፤ ያንኑ ገለባ በየቀኑ እወቅጣለሁ። ገለባ እንደምወቅጥ እግዜርና አገሬ ብቻ ያውቃሉ። አገሬ ሲኒውን አሽትታ «ይኼ ሱፍሽ ከየት አገር ነው?» አለችኝ። ሲኒውን ተቀብዬ ሳጥበው «የኔ ቤት ጆሮ የለውም» ብላ ሄደች።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

እርዳታ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች።

«የትርንጎ እህት በሁዳዴ ወፈረች አሉ።»

«መነኩሴ በጾም ከወፈረ ወይ ጸሎቱ ሰምሯል ወይ ማጀቱ።»

ሳቁ። እኔም ዞሬ አብሬያቸው ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ቤቴ ስገባ ግን ስንዴውን ደጃፉ ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ። እህቴ ምን ሆንሽ ስትለኝ ስንዴው ከበደኝ አልኳት። ውሸት እንደ ቡና ነው ለካ፤ አንዱን ከጀመርሽ ሦስት ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ዛሬ ሲኒውን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆየች። «ትርንጎ፣ ሱፍሽ የሕፃን አፍ ይሸታል» አለችኝ።

ቅመሙ ነው አልኳት። የቸኮሌቱ ቫኒላ መሆን አለበት።

ፈገግ አለች። ስትፈግግ ካየኋት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ጥርሷ መርገፉን እንኳ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

በእግሯ እስከ ደጃፉ ወጣች! ሀሰን ሲያያት «አልሐምዱሊላህ» አለና ወደኔ ዞሮ ቅንድቡን ሰቀለ። ስለ ቸኮሌቱ አልነገርኩትም፤ የገመተ ይመስለኛል።

ሌሊት በእንቅልፏ ታወራለች። ጠዋት ስጠይቃት «እንግዳ እየመጣልኝ ነው» ትላለች፤ ማን እንደሆነ አትናገርም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ዛሬ ነገረችኝ። ምነው ባልነገረችኝ።

ሲኒውን እየተቀበልኳት ነበር። «ተቀመጪ» አለችኝና እንዲህ ብላ ጀመረች፤ የሰማሁትን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«በስድሳ ስድስት መኪና መንገዱ ዳር ድንኳን ተተክሎ ነበር። ምስጋኑ ያን ጊዜ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ጡቴ ደርቋል። አንድ ኩባያ ወተት፣ ይኼ ለልጁ ነው ብለው ሰጡኝ። አፉ ላይ አደረግኩለት፤ አንዴ ሁለቴ ዋጠና ተኛ። ሲነቃ እሰጠዋለሁ ብዬ ኩባያውን ጭኔ ላይ ያዝኩ። ከዚያ ጠጣሁት። እኔ ከቆምኩ እሱም ይቆማል ብዬ እንዳይመስልሽ። እንደሱ ብዬ ቢሆን ባልከፋ። ርቦኝ ነው። ጠጣሁትና ኩባያውን ላስኩት። እሱ ግን አልነቃም። ስቀብረው አፉ ገና ወተት ወተት ይሸት ነበር።»

እጇን ያዝኩ።

«ከዚያ ወዲህ ወተት ጉሮሮዬን አልፎ አያውቅም። ለአባ ተናዝዤ ንስሐ ሰጥተውኛል፣ ቀኖናውንም ፈጽሜያለሁ። እሱ ግን አንድ ቀን በሕልሜ መጥቶ አያውቅም። አሸተን ላይ አሥራ አንድ ዓመት እመብርሃንን ስለምናት ኖርኩ፤ ፊቱን ብቻ፣ አንዴ ብቻ አልኳት። ይኸው አሁን መጣ። እዚህ፣ ደረቴ ላይ ይተኛል። አፉ ይሸተኛል ትርንጎ። ማታ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ቡናሽን ስጠጣም ይሸተኛል። ይቅር ብሎኛል።»

አለቀሰች፤ የደስታ ነው። እኔም አለቀስኩ፤ የኔ የምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ለካ ጾሙ አይደለም። ለአንድም ቀን ጾሙ አልነበረም። ቄሱ ሲፈቱላት «ጾሙስ ባልከበደኝ» ያለችው ይኼንን ነው። የላስታ ሰው ወተት እምቢ ካለ ጾም ነው ብለን እናልፋለን፤ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ እህቷም አልጠየቅኩም።

ዓርብ፣ መጋቢት 13

ቄስ ከፋለን ቤተ ክርስቲያን ጥግ አግኝቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«ጾሙን እኔ ፈትቻለሁ፣ እሷ ጥፋት የለባትም። የውሸቱ ያንቺ ነው፤ እስከ ሆሳዕና በየቀኑ አርባ አርባ ስገጂ» አሉ።

«ልንገራት አባ?»

«እንዳትነግሪያት።»

«በውሸት ላይ ቆማ ነው እኮ የምትደሰተው።»

«እመቤታችን ምሕረቷን በምን ዕቃ እንደምትልክ አንቺ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም። ዝም በይ። ዝምታም ሸክም ነው፣ ተሸከሚው።»

ቀሎኝ ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ ያንን ገለባ ስወቅጥ ግን እንደገና ከበደኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

አራቱ ቸኮሌት አልቆ አምስተኛው ተጋምሷል። ቁራሹን እያሳነስኩ ነው። ቡናው እየጠቆረ ሄደ። «ሱፍ ተወደደ መሰለኝ» ብላ ቀለደችብኝ።

እየሰገድኩ አየችኝና «አንቺ ደግሞ ምን አጥፍተሽ ነው?» አለች። ሳቀች። የእህቴ ሳቅ ያስፈራኝ ጀመር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

ትናንት የመጨረሻዋን ፍርፋሪ ከወረቀቱ ላይ በጥፍሬ ፍቄ አደረግኩላት።

ሀሰንን ጠየቅኩት። «ዱቄት ወተቱ ለሕፃናት ተቆጥሮ የመጣ ነው። ከዚያ ለእህቴ ስጠኝ ትይኛለሽ?» አለኝ። አልልህም አልኩት። የልጅ ወተት ሁለተኛ እንዴት አጠጣታለሁ?

ዛሬ እውነተኛ ሱፍ ከቆላ አስመጥቼ፣ እውነተኛ ወቀጣ ወቅጬ፣ በቡና ሰጠኋት። በስንት ጊዜዬ ሳልዋሽ ሲኒ አቀበልኳት። ቀመሰችው፣ አሸተተችው፣ እንደገና አሸተተችው።

«ጥሩ ነው» አለችና አስቀመጠችው።

ዓርብ፣ መጋቢት 27

አልመጣም ትላለች። ሦስት ሌሊት አልመጣም።

«ምን በደልኩት?» ትለኛለች፤ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየች። «ደስ ብሎኝ በዛ ይሆን? ሳቅሁ እኮ። በሁዳዴ ሳቅሁ።»

የለም እማሆይ፣ ይመጣል አልኳት።

እሑድ፣ መጋቢት 29

ሆሳዕና። ደግፌያት ሄድን። በሕማማት ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ፣ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ የሁላችንንም ፍትሐት አስቀድመው ፈቱ። እንደ ሞተ ሰው ቆመን ሰማን። እህቴ ዘንባባዋን ጣቷ ላይ አስራ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ ምስጋኑ፣ ምስጋኑ የምትል መሰለኝ።

እስከ ፋሲካ መስቀል መሳለም የለም፣ ይፍቱኝ ማለትም የለም። አርባ ስግደቴ ዛሬ አለቀ። ንስሐዬን ጨረስኩ ማለት ነው። እንደጨረሰ ሰው ግን አይሰማኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 30

ከጠዋት ጀምሮ ትሰግዳለች። ሀሰን በዚህ ዓይነት ልቧ ይቆማል አለ። ለምኛት ነበር። አትሰማም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1

ነገርኳት።

ግንባሯ ተልጦ ደም ወጥቶት ነበር። አንገቷን ቀና ማድረግ አቅቷት መሬቱ ላይ ጉንጯን አስተኝታ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ትላለች። ላነሳት ብብቷን ያዝኩ። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«እትዬ ተይ! ልጁ አይደለም የቀረብሽ። ቸኮሌቱ ነው ያለቀው።»

አልገባትም። ቁጭ አድርጌ ከካርቶኑ ጀምሬ ነገርኳት፤ ነጩን ቸኮሌት፣ በውስጡ ያለውን ወተት፣ ገለባውን፣ ቫኒላውን። ስጀምር ለሷ ብዬ ነበር፤ ስግደቱን ትታ እንድታርፍ። መሀል ላይ ስደርስ ግን እየቀለለኝ መጣ። ጥርሴን የነቀሉልኝ ያህል ቀለለኝ። ፊቷን እያየሁ ቀለለኝ። ይህን ለማንም አልናገርም።

አልጮኸችም። ደም የነካውን ግንባሯን በቆቧ ጫፍ ጠረገች።

«እንግዲያ አልመጣም ነበር» አለች።

«እትዬ...»

«ደግሞም ጠጣሁ። ሁለተኛ ጠጣሁበት።»

ስግደቱን ተወች። የፈለግኩት ያንን አልነበር?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 2

ምንም አልቀመሰችም። ውሃም። ግድግዳውን እያየች ነው የዋለችው።

ከሰዓት በኋላ «አባን ጥሪልኝ» አለችኝ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ቅጥሩ ድረስ ሄድኩ። ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ኪርያላይሶን ይላል፤ ቄስ ከፋለ መሀል ቆመው መጽሐፍ ያነባሉ፤ አዩኝም። በሕማማት ይፍቱኝ አይባልም፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። መጥተውስ ምን ያደርጉላታል? ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

«አይመቻቸውም፣ ከፋሲካ በኋላ ነው አሉ» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ። አመነችኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ አሁንም አመነችኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3

ወፍ ሲንጫጫ አረፈች። እኔ እሳት ለማንደድ ጎንበስ ብዬ ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

ስቅለት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ፍትሐት የለ፣ ዕጣን የለ፣ አንድ ካህን አፈር ሲመለስባት ብቻ ቆመ። አገሬ ይዛኝ ነበር። ሀሰን ከቅጥሩ ውጪ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ አየሁት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6

ፋሲካ። አገሬ ወተት ላከችልኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 13

ዳግማ ትንሣኤ። ቄስ ከፋለ ሊያጽናኑኝ መጡ። መደቡ ላይ፣ እሷ ትተኛ የነበረበት ላይ ተቀመጡ። ፍትሐቷ በሆሳዕና ስለተፈታ እንዳላዝን ነገሩኝ። በሕማማት ማረፍ መታደል ነው አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ያንን ነገር ጠበቅሽው?»

«ጠበቅሁት አባ።»

«ሳትሰማ አረፈች?»

«ሳትሰማ።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «ተባረኪ። ከብዶሽ እንደነበር አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ልጇን እንደታቀፈች ሄደች ማለት ነው» አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው ይመስል ቀና አሉ። «ረቡዕ ዕለት ቅጥሩ ጋ አይቼሽ ነበር። ጠርታኝ ኖሯል እንዴ?»

«አይ አባ። ለስግደት ነው የመጣሁት።»

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ፤ አሜን አልኩ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ለእሷ ብዬ አንዲት ውሸት እስከ መጨረሻው መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ ለራሴ ሲሆን ሦስቱን ባንድ ትንፋሽ ያዝኳቸው፣ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።